ምዕራፍ ሰባት፦ እንደ ማን ራስ?

እሑድ ጠዋት፣ ማርች 4 ቀን 2007። በአላባማ ግዛት፣ ሰልማ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሁለት እንግዶች በሁለት አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ፊት ቆመው ይናገራሉ። በብራውን ቻፕል ባራክ ኦባማ፣ በፈርስት ባፕቲስት ሂላሪ ክሊንተን። (በዚህ ምዕራፍ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ወርና ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ሁለቱም የዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዚዳንት ዕጩ ለመሆን እሽቅድምድም ጀምረዋል። ሁለቱም የመጡት ለአንድ መታሰቢያ ነው። ሁለቱም ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የአንድ ሰው ልብ ቢያዘነብልላቸው የማይጠሉት ነበር።

ሰውየው ጆን ሉዊስ ነው። ወላጆቹ በአላባማ ገጠር የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ፤ እሱ በልጅነቱ የቤቱን ዶሮዎች ሰብስቦ ይሰብክ ነበር። በ23 ዓመቱ በ1963ቱ የዋሽንግተን ታላቅ ሰልፍ ላይ ከተናጋሪዎች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ሆነ። በ25 ዓመቱ፣ ማርች 7 ቀን 1965፣ ለጥቁሮች የመምረጥ መብት የወጡትን ሰልፈኞች ከፊት እየመራ የሰልማን የኤድመንድ ፔተስ ድልድይ ሲሻገር የግዛቱ ፖሊሶች በዱላ ደብድበው ራስ ቅሉን ሰነጠቁት። መታሰቢያው የዚያ ቀን ነው። ከ1987 ጀምሮ በ2020 እስኪሞት ድረስ ደግሞ የአትላንታ ከተማ እንደራሴ ሆኖ በአሜሪካ ምክር ቤት ተቀምጧል።

ሉዊስ ከክሊንተኖች ጋር የቆየ ወዳጅነት ነበረው። ቢል ክሊንተን በ1992 ሲወዳደር ቀድመው ከደገፉት አንዱ ነው፤ በ1998 ምክር ቤቱ ፕሬዚዳንቱን ሲከስ የተከራከረለትም እሱ ነው። ከኦባማ ጋር የነበረው ትውውቅ ግን ገና አዲስ ነበር። በ2005 ሉዊስ 65 ዓመት ሲሞላው በአትላንታ በተደረገው ግብዣ ላይ አዲሱ የሴኔት አባል ኦባማ ተገኝቶ ንግግር አድርጓል። አንዱ ሃያ ዓመት ሊጠጋ አብሮ ያረጀ ጓደኝነት፣ ሌላው ገና የሚያጎነቁል ፍቅር። ኦክቶበር 12 ቀን 2007 ሉዊስ ለጓደኝነቱ አደላና ድጋፉን ለሂላሪ ክሊንተን ሰጠ።

ያን ጊዜ ማንም አልተቆጣም። በዚያ መጸው ከጥቁር መራጮች ብዙዎቹ ራሳቸው የክሊንተን ደጋፊዎች ነበሩ። ነጩ ሕዝብ ለጥቁር ሰው ድምፁን ይሰጣል ብሎ ማመን ዱላ ቀምሶ ላደገ ትውልድ ቀላል አልነበረም።

ነገሩ የተገለበጠው በአንድ ወር ነው። ጃንዋሪ 3 ቀን 2008 ሕዝቧ ከሞላ ጎደል ነጭ የሆነባት አዮዋ ኦባማን መረጠች። ጃንዋሪ 26 ሳውዝ ካሮላይና 55 ለ27 ተከተለች፤ ቢል ክሊንተን በዚያው ዕለት ከኦባማ በፊት ለዕጩነት የተወዳደረው ጥቁሩ ጄሲ ጃክሰንም በ1984 እና በ1988 እዚሁ ግዛት አሸንፎ ነበር ብሎ ድሉን ሊያሳንስ ሲሞክር በቁስል ላይ ጨው ነሰነሰ። ፌብሩዋሪ 5 የሉዊስ ግዛት ጆርጂያ ተራ ደረሰ። ኦባማ 66 በመቶ አገኘ። ከጥቁር መራጮች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የእሱ ሆኑ፤ በሉዊስ የምርጫ ወረዳ ውጤቱ ሦስት ለአንድ ገደማ ነበር። የአትላንታ ሕዝብ ወደ አንድ አቅጣጫ ሄደ፣ እንደራሴው ወደ ሌላ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን አሠራሩን እንይ፤ ያለ እሱ ቁጣው አይገባንም። እኛ አገር ዕጩ የሚታወቀው ፓርቲው በጓዳ መክሮ ስሙን ሲያወጣ ነው። አሜሪካም ለረጅም ዘመን እንዲሁ ነበረች። በ1968 ሂዩበርት ሀምፍሪ በአንድም የማጣሪያ ምርጫ ሳይወዳደር የዴሞክራቶች ዕጩ ሆነ፤ ዕጩውን በይፋ የሚሰይመው የፓርቲው ጉባኤ ሲካሄድ የቺካጎ ጎዳና በተቃውሞና በፖሊስ ዱላ ታመሰ። ከዚያ በኋላ ሕጉ ተለወጠና ከ1972 ጀምሮ ዕጩውን የሚለየው በየግዛቱ የሚካሄደው ፕራይመሪ፣ ማለትም ተራው መራጭ ድምፅ የሚሰጥበት የዕጩ ማጣሪያ ምርጫ ሆነ። የፓርቲው ሹማምንት ግን እጃቸው ባዶ መቅረቱ ቆረቆራቸው። በ1982 አንድ ኮሚሽን ተሰይሞ ለምክር ቤት አባላት፣ ለአገረ ገዢዎችና ለፓርቲው ባለሥልጣናት ከጉባኤው ወንበር ቆርሶ ሰጣቸው። ማንም ሳይመርጣቸው ገብተው ለፈለጉት ድምፅ የሚሰጡት እነዚህ ሰዎች ሱፐር ዴሊጌት ይባላሉ። በ2008 ቁጥራቸው 800 ገደማ፣ ከጠቅላላው ጉባኤተኛ አንድ አምስተኛው ነበር። ሁለቱ ዕጩዎች አንገት ለአንገት ስለተያያዙ ደግሞ ያ አንድ አምስተኛ ዳኛ ሊሆን ነው።

ሉዊስ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ስለዚህ ለክሊንተን የሰጣት ስሙን ብቻ አይደለም፤ ጉባኤው ላይ የሚያወጣት እጁም አብራ ሄዳለች።

ድጋፍ በማጣሪያ ምርጫ ላይ ከሌላው ምርጫ ይልቅ የሚከብድበት ሌላም ምክንያት አለ። በዋናው ምርጫ መራጩ የፓርቲውን ስም አይቶ ይወስናል፤ በማጣሪያው ግን ሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ካባ ለብሷል። ማን ማን እንደሆነ ለመለየት የሚታመን ሰው አፍ ያስፈልጋል። በዚያው በ2008 አራት የፖለቲካ ምሁራን ባሳተሙት መጽሐፍ ድምፅ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት የፓርቲ ትልልቅ ሰዎች የሚሰጡት ድጋፍ አሸናፊውን አስቀድሞ እንደሚጠቁም ተከራከሩ። የመጽሐፉ ርእስ «ፓርቲው ይወስናል» የሚል ነው። ምስኪኖች! መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ከአዮዋ በፊት በድጋፍ ብዛት ስትመራ የነበረችው ሂላሪ ክሊንተን ተሸነፈች።

ወደ አትላንታ እንመለስ። ከፌብሩዋሪ 5 በኋላ ሉዊስ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ሱቅ ሲገባ፣ ስልክ ሲያነሳ ጥያቄው አንድ ሆነ። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስብ ነገርም መጣ። ለዓመታት በገዛ ፓርቲው ማንም ደፍሮ ያልተፎካከረው ሰው ላይ ሁለት ተወዳዳሪዎች ተነሱበት። አንዱ 30 ዓመት ገደማ የሆነው ሰባኪ ማርኬል ሃቺንስ፣ ሌላዋ የግዛቱ ምክር ቤት አባል ሜብል ቶማስ። የአሜሪካ አብዛኛው የምርጫ ወረዳ ለአንድ ፓርቲ ያደረ ነው፤ አትላንታ ላይ የሪፐብሊካን ዕጩ ማሸነፍ ዘበት ስለሆነ የቁርጡ ምርጫ የፓርቲው ማጣሪያ ነው። መራጩ እንደራሴውን ለመቅጣት ወደ ሌላ ፓርቲ መሄድ አያስፈልገውም፤ ዱላው እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ ቆሟል።

በፌብሩዋሪ አጋማሽ ኒው ዮርክ ታይምስ ሉዊስ የጉባኤ ድምፁን ወደ ኦባማ ሊያዞር ነው ብሎ ጻፈ። የሉዊስ ቢሮ ነገሩ ገና አልተቆረጠም አለ። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲሁ በመንታ መንገድ ላይ ከቆመ በኋላ ፌብሩዋሪ 27 ቀን ወሰነ፤ ኦባማን እንደሚደግፍ አስታወቀ። ምክንያቱን ሲያስረዳ የአምስተኛው ወረዳ እንደራሴ እንደመሆኑ ድምፁን ሲሰጥ የሕዝቡን ፈቃድ መግለጽ ግዴታው እንደሆነ ተናገረ። ሂላሪ ክሊንተን አልተቆጣችም። ከባድ ግፊት እንደነበረበት ይገባኛል፣ ወዳጄ ነበር፣ ወዳጄም ሆኖ ይኖራል አለች። ጨዋ መልስ ነው፤ ግን «ግፊት» የምትለዋ ቃል ውስጥ እሾህ አለች።

ሰው ሁሉ እንዲህ ጨዋ አልነበረም። በዚያው የጸደይ ወራት፣ የፈረንጆቹ ስቅለት በዋለበት ዕለት፣ የቢል ክሊንተን የካቢኔ አባል የነበረው የኒው ሜክሲኮ አገረ ገዢ ቢል ሪቻርድሰን ለኦባማ ድጋፉን ሲሰጥ፣ የክሊንተኖች የቆየ አማካሪ ጄምስ ካርቪል ሰውየውን በሠላሳ ብር ጌታውን ከሸጠው ይሁዳ ጋር አመሳሰለው። ለካስ ድጋፍ ባለዕዳ የሚያደርገው ለመራጭ ብቻ አይደለም፤ ሹመት የሰጠ ሰውም ደብተር ይይዛል።

ሉዊስ ራሱ የድጋፍን ከንቱነት ከማንም በላይ ማወቅ የነበረበት ሰው ነው። በ1986 ወደ ምክር ቤት የገባው የትግል ጓደኛውን ጁሊያን ቦንድን አሸንፎ ነው። መልከ መልካሙ፣ አንደበተ ርቱዑ ቦንድ የታዋቂ ሰዎች ሁሉ ምርጫ ነበር፤ በመጀመሪያው ዙር 47 በመቶ አግኝቶ ሉዊስን በ12 ነጥብ ቀደመው። በሁለተኛው ዙር ግን ከጥቁር መራጮች አብዛኛው ለቦንድ ሆኖ ሳለ ሉዊስ የነጮቹን ሰፈሮች ድምፅ ሰብስቦ 52 በመቶ አገኘ። ጓደኝነታቸውም እዚያው ቀረ። ስለዚህ የስም ጋጋታ ሕዝብ እንደማይነዳ በገዛ እጁ ያሳየ ሰው ከ21 ዓመት በኋላ ስሙን ለሌላ ሰው አበድሮ ሕዝቡ እንዲከተለው ጠበቀ።

አሁን ቃሉን ራሱን እንየው። «እንደራሴ» ሲፈታ «እንደ እኔው ራስ» ማለት ነው። በእኛ ታሪክ ይህን ስም የሚሰጠው ንጉሥ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1909 በእኛው አቆጣጠር አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሲባሉ የዙፋኑ ምትክ ሆኑ ማለት ነው፤ ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አስመራ የተቀመጠው የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴም ለሕዝቡ የንጉሡ ጥላ ነበር። «የሕዝብ እንደራሴ» የሚለው አጠራር ሲመጣ ቃሉ ተገለበጠ። «ራሴ» የሚለው ባለቤት ዙፋን ላይ የነበረው አንድ ሰው ሳይሆን ወረፋ ይዞ ድምፅ የሚሰጠው ብዙ ሰው ሆነ።

የድጋፍ ቁጣ ሥሩ ያለው እዚች ቃል ውስጥ ይመስለኛል። ሉዊስ ክሊንተንን ሲደግፍ «እኔ ወዳጄን መረጥኩ» ያለ መስሎታል። የአትላንታ ሰው የሰማው ግን «አትላንታ ክሊንተንን መረጠች» የሚለውን ነው፤ የድጋፉ ዋጋም እሱ ነበርና አልተሳሳተም። ክሊንተን የፈለገችው የጆን ሉዊስን አንድ ድምፅ ቢሆን ኖሮ ዜናው አንድ መስመር አይሞላም ነበር። የፈለገችው ከጀርባው የቆሙትን ነው። የራሱ ያልሆነውን ሰጠ ብለው የተቆጡት ለዚህ ነው።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ኤድመንድ በርክ በ1774 ለብሪስቶል መራጮቹ የላካችሁኝ የራሴን ማመዛዘን እንድጠቀም እንጂ ትእዛዛችሁን እንዳደርስ አይደለም ብሎ በድፍረት ነገራቸው። ንግግሩ እስከ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ይጠቀሳል። የብሪስቶል ሰው ግን በ1780 ፊቱን ስላዞረበት በርክ እንደሚሸነፍ አይቶ ከውድድሩ ወጣ።

በዚያው በ2008 የበርክን መንገድ የመረጠ ሌላ እንደራሴ ነበር፤ የካንሳስ ሲቲው ኢማኑዌል ክሊቨር። ቄስ ነው፣ የከተማዋም ከንቲባ ነበር። እሱም ክሊንተንን ደግፏል። የኦባማ ዘመቻ ተባባሪ ሊቀ መንበር የነበረው የምክር ቤት አባል ጄሲ ጃክሰን ጁኒየር አንድ ጥያቄ እንደጠየቀው ክሊቨር ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ነገሩ በመጨረሻ በአንተ ድምፅ ላይ ቢንጠለጠል፣ ጥቁር ሰው ዋይት ሀውስ እንዳይገባ ያገደ ሰው ተብለህ በታሪክ መጠራት ትፈልጋለህ ወይ? እንዲህ ያለው ጥያቄ በጆሮ ገብቶ እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ክሊንተንን የደገፉ ጥቁር እንደራሴዎች በማጣሪያ ምርጫ ተፎካካሪ እናቆምባችኋለን ከሚለው ዛቻ ጀምሮ የወገን ከሃዲ እስከሚለው ስድብ ድረስ ሲሰሙ ከረሙ። የኒው ጀርሲው ዶናልድ ፔይንና የጆርጂያው ዴቪድ ስኮት ወደ ኦባማ ዞሩ። ክሊቨር ግን ቃሌ ቃል ነው ብሎ እስከ መጨረሻው ከክሊንተን ጋር ቆየ።

ምን ሆነ? በኖቬምበር ተመልሶ ተመረጠ፤ ከዚያም በኋላ ደጋግሞ። እርግጥ የክሊቨር ወረዳ አብዛኛው መራጭ ነጭ ነው፣ ሚዙሪም ለሁለቱ ዕጩዎች እኩል ሊባል በሚችል ልዩነት የተከፈለች ግዛት ነበረች። «እንደ ራሱ» የሚሆንለት ሕዝብ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ሳለ የትኛውን ግማሽ ከዳ ሊባል ይችላል? የሉዊስ ችግር ሕዝቡ አንድ ልብ መሆኑ ነበር።

ሉዊስም ተረፈ። ጁላይ 15 በተካሄደው ማጣሪያ ሁለቱን ተፎካካሪዎች 69 በመቶ ገደማ አግኝቶ ረታ። ባይዞር ኖሮስ? ማንም አያውቅም፤ እኔ በበኩሌ በሰልማ ድልድይ ላይ የፈሰሰ ደም በአንድ የምርጫ ወቅት ቁጣ የሚታጠብ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። ኦባማ ቃለ መሐላ በፈጸመበት ዕለት ለሉዊስ ማስታወሻ ላይ ሲፈርምለት ይህ ሁሉ የሆነው በአንተ ምክንያት ነው የሚል ቃል ጻፈለት። በኦክቶበር 2007 የተሰጠውን ድጋፍ ያነሳበት የለም።

ሱፐር ዴሊጌቶቹ ግን አልተረሱም። በ2016 በበርኒ ሳንደርስ ደጋፊዎች ዘንድ ቁጣው እንደገና ገነፈለ፤ በኦገስት 2018 ፓርቲው ሕጉን ቀይሮ ውጤቱ ካልለየ በቀር በጉባኤው የመጀመሪያ ዙር ድምፅ እንዳይሰጡ ከለከለ። ጥርሱ የወለቀ ድጋፍ ሞተ ተብሎ ሲታሰብ የሳውዝ ካሮላይናው ጂም ክላይበርን በ2020 ተነሳ። በ2008ቱ ማጣሪያ ወቅት አፉን ዘግቶ የከረመ ጥንቁቅ ሰው ነው። በአንድ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት አሮጊት ወደ እሷ እንዲጠጋ በምልክት ጠሩት። ማንን ነው የሚመርጡት? ጮክ ብለው መናገር ካልፈለጉ በጆሮዬ ያንሾካሹኩልኝ አሉት። ጆ ባይደንን አለ። የግዛቱ ምርጫ ሦስት ቀን ሲቀረው ይህንኑ በአደባባይ ተናገረ፤ ሊወድቅ የተቃረበው ባይደን ሳውዝ ካሮላይናን በ48 በመቶ ወስዶ ነፍስ ዘራ። ሉዊስ ከሕዝቡ ቀድሞ ተናገረ፣ ክላይበርን ሕዝቡ ጆሮውን እስኪያቀርብለት ጠበቀ።

ከላይ ቃሉ ከንጉሥ ወደ ሕዝብ ተገለበጠ ብያለሁ። ወደ ኋላም ይገለበጣል።

ቦብ ጉድ የተባለ የቨርጂኒያ ሪፐብሊካን እንደራሴ ነበር። (የአባቱ ስም በእንግሊዝኛ «ደግ» ማለት ነው፤ በአማርኛው ብንወስደው ግን ለታሪኩ የበለጠ ይስማማል።) ምክር ቤት የገባውም በቁጣ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው እንደራሴ ዴንቨር ሪግልማን የሁለት ወንዶችን ጋብቻ ስላስፈጸመ የወረዳው አጥባቂዎች ተቆጡ፤ በ2020 ጉድን አቁመው ጣሉት። በሜይ 2023 ጉድ በተራው ለፕሬዚዳንትነት ዶናልድ ትራምፕን ትቶ ተፎካካሪውን ሮን ዴሳንቲስን ደገፈ። ጃንዋሪ 2024 ዴሳንቲስ ከውድድሩ ሲወጣ ጉድ ወዲያው ወደ ትራምፕ ዞረ። በሜይ ትራምፕ ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ከሌሎች እንደራሴዎች ጋር ሄዶ አጀበው።

አልጠቀመውም። በወሩ መጨረሻ ትራምፕ ለተፎካካሪው ለጆን ማጓየር ድጋፉን ሰጠ፤ ጉድ የተጸጸተው ከረፈደ ነው፣ ጉዳቱ ደርሷል አለ። እርግጥ ጉድ ሌላም ጠላት ነበረው። በኦክቶበር 2023 አፈ ጉባኤ ኬቨን ማካርቲን ካወረዱት ስምንት ሪፐብሊካኖች አንዱ ስለነበር የማካርቲ ወዳጆች ለማጓየር ገንዘብ አፍስሰዋል። ዴሳንቲስን የደገፈ ሁሉም አልተቀጣም። የኬንታኪው ቶማስ ማሲ በዚያው ዓመት ማጣሪያውን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። በቴክሳሱ ቺፕ ሮይ ላይ ትራምፕ ተፎካካሪ ይነሳበት ብሎ ጥሪ ያቀረበው የዕጩዎች ምዝገባ ከተዘጋ በኋላ ነው።

የጉድ ወረዳ ልብ ግን የትራምፕ ነበር፤ ጉድም ያውቀዋል። ስለዚህ በየደጃፉ በሚተከለው የምርጫ ሰሌዳ ላይ ስሙን ከትራምፕ ስም ጎን አሳተመ። የትራምፕ ዘመቻ ጠበቆች ስማችንን መጠቀም አቁም የሚል ደብዳቤ ላኩለት። እዚህ ላይ የሉዊስ ታሪክ ተገልብጦ ይታያል። በአትላንታ ዕጩዋ የእንደራሴውን ስም ለመነች፤ በቨርጂኒያ እንደራሴው የዕጩውን ስም ሰረቅክ ተባለ። ጉድ በሕግ ሥራው የመረጠውን ሕዝብ የከዳበት ቦታ ነበረ ወይ ብሎ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። «ራሴ» የሚለው ቃል ወደ አንድ ሰው ተመልሷል።

ጁን 18 ቀን 2024 ድምፅ ተሰጠ። ከ62 ሺህ በላይ ሰው ወጥቶ ማጓየር በ374 ድምፅ ቀደመ። ጉድ ድጋሚ ይቆጠርልኝ አለ። ልዩነቱ ግዛቱ ወጪውን ከሚሸፍንበት ልክ በትንሹ ስለሚበልጥ ክፍያው በእሱ ወገን ሆነ። ኦገስት 1 ቀን ቆጠራው ሲያልቅ ልዩነቱ 370 ሆኖ ተገኘ።